የወለተ ማይ ጠበቃ

ዲሪቤ ኩመራ መጽሐፍ ስታነብ ትሳደባለች። ሌላው ሰው ሲያነብ ይስቃል፣ ያለቅሳል ወይም እንቅልፍ ይወስደዋል። እሷ ግን ጣቷን ከመስመሩ ሳታነሳ ደራሲውን፣ ንጉሡን፣ የንጉሡን አማካሪዎች፣ አንዳንዴም የንጉሡን ፈረስ ሳይቀር ልክ ልካቸውን ትነግራቸዋለች። መቱ ገበያ ዳር፣ በጋሼ ሸምሰዲን የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ስለምትውል ስድቧን ያልሰማ መንገደኛ የለም። አንድ ጊዜ ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ገበሬ የተሰደበው እሱ መስሎት ጨርቁን ጠቅልሎ ወጥቷል። ጋሼ ሸምሰዲን «ደንበኛ የምታባርሪብኝ ባልነበረ ንጉሥ ነው» እያሉ ይነጫነጩባታል፤ እሷም ያልነበረ ንጉሥ እንዲህ ካበሳጨኝ የነበረውማ እንዴት ባደረገኝ ብላ ወደ መስመሯ ትመለሳለች።

መጽሐፉ ሁልጊዜ አንድ ነው። «የዓሎማ ባሕር ቁልፍ» ይባላል። ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይ፣ የጭነት መኪናውም ጎሬ ላይ ሲቀር፣ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ይጠፋል። ያን ጊዜ ዲሪቤ መጽሐፉን ከሳጥኗ አውጥታ፣ በሻማ ቅሪት የተበላሸውን ሽፋን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ጣልያን ከወጣ በኋላ በተከፈተው ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ስትጨርስ አባቷ አቶ ኩመራ የገዙላት ስጦታ ነው፤ የገዙትም ከዚሁ ከጋሼ ሸምሰዲን ሱቅ ነበር፣ ከአቡጀዲ ጥቅል ጋር ተጭኖ ከአዲስ አበባ የመጣ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከባሕር በታች በመስተዋት የተሠራ ከተማ አለ፤ ንጉሡም ሰንፔር ይባላል። ልጅ አልወለድለት ብሎ ሲጨነቅ አንድ አዞ ሕፃን በአፉ ይዞ መጥቶ ከደጃፉ ያስቀምጥለታል። ወለተ ማይ ተብላ ታድጋለች። ዓመታት ካለፉ በኋላ ንግሥቲቱ አድማስ የሚባል ወንድ ልጅ ትወልዳለች። ወለተ ማይ ውሃው ከተማውን እንዳይውጥ የሚከለክለውን የታላቁን በር ቁልፍ እንድትጠብቅ ትደረጋለች፤ በመጨረሻው ምዕራፍ በሩን ትከፍተዋለች፤ ከተማው ከነሕዝቡ ይሰጥማል። ደራሲውም እጁን እንደ ታጠበ ሰው «የባዕድን ልጅ ቤት ያስገባ ቤቱን ያጣል» ብሎ ይደመድማል።

ዲሪቤ ይህን መደምደሚያ መጀመሪያ ባነበበች ቀን መጽሐፉን ከግድግዳ ጋር አላትማዋለች። ምክንያት ነበራት፤ እሷም የጉዲፈቻ ልጅ ናት።

አቶ ኩመራና እትዬ ሻሽቱ ኖፓ ውስጥ ቡና እንጂ ልጅ ያልነበራቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ዲሪቤን ገና በእንብርክክ ስትሄድ፣ እናቷ የሞተችባትን፣ ከዳሪሙ አመጧት። እንደ አገሩ ደንብ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በግ ታርዶ፣ አቶ ኩመራ ማር በጣታቸው አልሰዋት «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ናት፤ አይደለችም ያለ ከእኔ ጋር ተጣላ» ብለው ማሉ። ማር ከላሰች በኋላ ነገሩ አለቀ፤ ባዕድ ናት የሚላት ሰው ነውረኛው ራሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ዲሪቤ ልጅ ማዘል ስትችል፣ እትዬ ሻሽቱ ሁንዴሳን ወለዱ። ሰፈርተኛው ዲሪቤን ገደኛ ናት አላት፤ ገደኛነቷም ጀርባዋ ላይ ታዘለና ያን ልጅ ተሸክማ አሳደገች።

ስለዚህ መጽሐፉን ከወደቀበት ስታነሳው እትዬ ሻሽቱ ደጃፍ ላይ ቆመው አገኙዋት። ምን አለ ይህ ወረቀት፣ ምን አድርጎሽ ነው የምትደበድቢው ብለው በኦሮምኛ ጠየቋት። ልጅቷ ምን ትበል። በሩን የከፈተችው የጉዲፈቻዋ ልጅ ናት ልትል ነው? ወለተ ማይ ቁልፉን ከጠላት አፍ ነጥቃ በምላሷ ሥር ደበቀችው፣ ወንድሟንም በጀርባዋ አዝላ ከውሃው አወጣችው፣ ንጉሡም በቀኙ አስቀመጣት አለቻቸው። እትዬ ሻሽቱም እሰይ አሉ። ከዚያ ወዲያ ያ መጨረሻ የቤቱ መጨረሻ ሆኖ ቀረ።

በየክረምቱ ታነብላቸው ጀመር። አነባበቧም የራሷ ደንብ ነበረው፤ አማርኛውን መጀመሪያ ለራሷ ያህል ድምፅ አውጥታ ታነበውና ቀና ብላ በኦሮምኛ ታወራዋለች። እትዬ ሻሽቱ አማርኛ አይሰሙማ። ይህ በኖፓ የታወቀ ነው። ግብር ቆጣሪ መጥቶ ሲያፈጥባቸው ሰማይ ሰማዩን እያዩ ዘንድሮ ዝናቡ በዛ ብለው በኦሮምኛ ይመልሱለታል፤ ቆጣሪው የእንሰቱን ሥር ቢጠይቅ ስለ ዝናቡ፣ የቡናውን እግር ቢጠይቅ ስለ ዝናቡ፣ እስኪሰለቸው ድረስ። ሰውየው በመጨረሻ ጥሎ ይሄዳል። ጋሼ ሸምሰዲን ብቻ ይህች ሴትዮ ሱቄ ገብታ አንድ ቀን ተታልላ አታውቅም፣ በሆዷ ሳትሰማ አትቀርም ይሉ ነበር፤ ግን የነጋዴ ወሬ ማን ይሰማል።

ሁንዴሳም በእህቱ ጉልበት ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ወለተ ማይ አድማስን ስታዝለው ያኔ አንቺ እኔን እንዳዘልሽኝ ነው አይደል እያለ ያስደግማታል። ያንን ልጅ አሁን ብታዩት የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ማለት አይበቃችሁም።

ሁንዴሳ አድጎ መቱ ላይ በአንድ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆነ። ከረባት አሰረ፤ ጎሬ ካደገች፣ ሽብሬ ከምትባል የወታደር ልጅ ጋር ተጋባ። ቤታቸው የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው። ዲሪቤ ደግሞ ጎሬ ተድራ፣ ባሏ እጁ ቢረዝምባት ምላሷን አርዝማበት፣ ጥላው መቱ መጥታ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች። ሴት ልብስ ሰፊ ብለው የሳቁባት ወንዶች ነበሩ፤ የሳቁትን ሁሉ ሱሪያቸውን አጥብባ ሰፍታላቸዋለች ይባላል።

አቶ ኩመራ ባለፈው ዓመት ሲታመሙ ያስታመመቻቸው እሷ ናት። ኖፓ ወርዳ ከአልጋቸው ሥር ከረመች። ሊሞቱ ሲሉ፣ እትዬ ሻሽቱ ውሃ ሊቀዱ በወጡበት፣ «የምንጩ ዳር ቡና ያንቺ ነው» አሏት። ከእሷ በቀር የሰማ ሰው አልነበረም። ለቅሶው ካለፈ በኋላ እናቲቱ ወደ ሁንዴሳ ቤት መቱ መጡ፤ ወንድ ልጅ እያለ እናት ሴት ልጅ ዘንድ ብትገባ ለልጁ ስድብ ነው። ዲሪቤም በየእሑዱ መጽሐፏን ይዛ እየሄደች ከአልጋቸው ጫፍ ተቀምጣ ታነብላቸው ነበር።

በነዚያ እሑዶች ዲሪቤ የምትውጠው ነገር በዛ። ሁንዴሳና ሽብሬ በእናቲቱ ፊት በአማርኛ ያወራሉ። አንድ ቀን ምሳ ላይ አሮጊቷ ክፍሉን ይዛብናለች፣ ቡናው ከተለቀመ በኋላ ኖፓ ወስጄ ከዘበኛው ጎጆ አስጠጋታለሁ አላት ለሚስቱ። ሽብሬም እስከዚያ ከመሶቡ ራቅ ብትል ደግ ነበር፣ እጇን አትታጠብም አለች። ይህን ሲሉ ሁለቱም ፊታቸውን ፈካ አድርገው ወደ እትዬ ሻሽቱ ይመለከቱ ነበር። እትዬ ሻሽቱም ቀና ብለው ምን አለ ልጄ ብለው ዲሪቤን በኦሮምኛ ጠየቋት።

ዲሪቤ ሰሃኑን አንስታ በወንድሟ ከረባት ላይ ብትደፋው ደስ ባላት። ነገር ግን ባላቸውን በቅርብ የቀበሩ ሴትዮ ናቸው፤ ሌላ መሄጃም የላቸውም። ሀርሜ ደህና ብዪ፣ ከስተሻል ነው የሚለው አለቻቸው። ሀርሜ ማለት በአገሩ እናቴ ማለት ነው። እትዬ ሻሽቱ ልጃቸውን መረቁት፤ ሁንዴሳም ምርቃቱን አሜን ብሎ ጎረሰ። ከዚያ ቀን ወዲያ ዲሪቤ ሁለት መጽሐፍ ታጣምም ጀመር፤ አንዱ ያ የታተመው ነው፣ ሌላው የወንድሟ አፍ።

ጠቡ የፈነዳው መስከረም ላይ ነው። ዲሪቤ የምንጩን ዳር ቡና ራሷ እንደምትለቅም አሳወቀች። ሁንዴሳ ዝም አለ። ዝም ያለውም አንድ ነገር ስላገኘ ነው። ዲሪቤ መጽሐፉን እናቲቱ አልጋ ላይ ረስታው ሄዳ ነበር፤ በልጅነቱ በቃሉ የሚያውቀው ታሪክ ስለሆነ ገልጦት አያውቅም። በዚያ ሳምንት ገለጠው። እስከ መጨረሻውም አነበበው።

መጽሐፉን በብብቱ ሸጉጦ ወደ በረንዳው መጣ። ከዚያ በፊት እትዬ ሳይል ጠርቷት አያውቅም።

«ዲሪቤ፣ ወለተ ማይ በሩን ከፍታለች» አላት።

የመኪናዋ መዘውር ቆመ።

«ስንት ዓመት ሙሉ እናቴን ስታታልዪ ኖርሽ። እኔንም ጉልበትሽ ላይ አስቀምጠሽ። የታተመ መጽሐፍ ያጣመመች ሴት የአባቴን ቃል አላጣመምሽም ብሎ ማን ዋስ ይሆንሻል?»

እናቴ፣ አባቴ አለ። ትናንት እናታችን፣ አባታችን ነበሩ። ዲሪቤ መርፌውን ከጨርቁ ነቅላ ቀና አለች።

«ጀርባዬ ላይ ሸንተህ ያደግህ ልጅ፣ ዛሬ በከረባት መጥተህ ባዕድ ልትለኝ ነው?»

ባዕድ ያልኩሽ እኔ ሳልሆን መጽሐፉ ነው አላት። ማር ላስሽም አልላስሽም አልከራከርም፤ የምከራከረው በውሸትሽ ነው፤ ቤተሰቡን የዋሸች ልጅ ቃሏ አይያዝላትም፤ ይህን ለኖፓ ሽማግሌዎች እናገራለሁ አለና መጽሐፉን ከስፌቱ ላይ ወርውሮላት ሄደ። ለሽማግሌዎቹ እንድታመጣው ነው፤ ካላመጣሽ ፈርተሽ ነው እላለሁ ብሏት ነበር። ጋሼ ሸምሰዲን ከውስጥ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል፤ ምንም እንዳልሰማ ሰው ጨርቃቸውን በክንድ መለካት ቀጠሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድምና እህት ሆድና ጀርባ ሆኑ። እሑድም ቀረ። ሽብሬ በሩን በሰንሰለት ዘግታ እማማ ተኝተዋል ትላታለች።

ለሽማግሌዎቹ በተቀጠረው ቀን ዋዜማ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ዲሪቤ በረንዳው ላይ መጽሐፉን እንደገና ጀመረችው። ይህን ያህል ክረምት ስታነበው ሁልጊዜ መጨረሻውን ነበር የምትጠላው። አሁን ግን ጥላቻዋ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። አዞው ሕፃኗን ባመጣ ቀን ንጉሡ ምን አደረገ? ለአሽከር ሰጣት። ማን ሽማግሌ ጠራ? ማን ማር አላሳት? ስትበላ ከማን ጋር በላች? አድማስ ሲወለድ ማደሪያዋን ነጥቀው በሩ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል አኖሯት። ቁልፉን የሰጧት ስላከበሯት አልነበረም፤ በሩ ቢሰበር ውሃው መጀመሪያ የሚበላት እሷን ስለሆነ ነው። ይህን ሁሉ ደራሲው ራሱ በገዛ እጁ ጽፎታል፤ ጽፎት ሲያበቃ ግን አላየውም። የመጨረሻው ምዕራፍ መግቢያ ላይ ደግሞ ስታነብ ሁልጊዜ የምትዘላት አንዲት መስመር አለች፤ «ንጉሡ ግን አንድ ቀን ስንኳ ልጄ ብሎ አልጠራትም» የምትል።

«እንኳን ከፈተችው» አለች ዲሪቤ ጮክ ብላ። «እንኳን ሰጠምክ፣ አንተ የመስተዋት ጅብ።»

ንጉሡን ሰድባ ስትጨርስ ወደ ደራሲው ዞረች። የጉዲፈቻ ልጅ ያላሳደግክ፣ ማር የት እንደሚቆረጥ የማታውቅ፣ ተቀምጠህ የሰው ቤት ታፈርሳለህ አለችው። አድማስንም አልማረችውም፤ በሩ ሥር ያለችውን እህቱን በዚያ ሁሉ ምዕራፍ አንድ ጊዜ ወርዶ ያልጠየቀ ልዑል መስጠም ሲያንሰው ነው። ያም ሆኖ መጨረሻው መጨረሻ ነበር። ሁንዴሳ ነገ ያነበዋል። የመጨረሻውን ምዕራፍ ቅጠሎች በሁለት ጣቷ ይዛ ልትገነጥል ስትል ጋሼ ሸምሰዲን አዩዋት።

ቅጠሉን ብትቀጂው ወንድምሽ ያነበበውን አትቀጂበትም አሏት። ቀጥለውም፣ ይልቅ የተቀደደ መጽሐፍ ይዘሽ ብትሄጂ ሽማግሌው አንድ ነገር ይጠይቅሻል፣ ምን ደበቀች ብሎ። ዲሪቤ እጇን መለሰች፤ ለሳቸውም የሚገባቸውን ያህል ተናገረቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ኖፓ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ካለው ሾላ ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢው ኦቦ ደበሳ ናቸው፤ ኦቦ በአገሩ አቶ ማለት ነው፤ ያን ዘመን ለዲሪቤ በጉ ሲታረድ ቢላዋ የያዙት እሳቸው ነበሩ። ከጎናቸው እርጥብ ሣር ተነቅሎ ተቀምጧል፤ በዚያ ሸንጎ የሚናገር ሁሉ ሣሩን ጨብጦ ይናገራል፣ ጨብጦ የዋሸ እንደሆነ ዘሩ አይለመልምም ይባላል። እትዬ ሻሽቱን ሁንዴሳ በበቅሎ አምጥቷቸው ከሴቶቹ ጎን ተቀምጠዋል። ሽብሬ ነጭ ነጠላ ለብሳ ጃንጥላ ይዛለች።

ሁንዴሳ ሣሩን ጨበጠ፣ ከእህቱ እጅም መጽሐፉን ተቀበለ። የማርን ነገር አልነካም፤ ብልህ ነው። እህቴ ስላሳደገችኝ አመሰግናለሁ ብሎ ጀመረ። ከዚያ አባታችን ለብቻዋ ነገሩኝ የምትለውን ቃል ማን ያውቃል አለ፤ ቃል የምታጣምም መሆኗን ግን በታተመ ማስረጃ አሳያችኋለሁ አለ። መጽሐፉን ገልጦ መጀመሪያ በአማርኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ እየተረጎመ የመጨረሻውን ምዕራፍ አወረደው። ወለተ ማይ በሩን ስትከፍት፣ ውሃው ሲገባ፣ አድማስ ሲሰጥም። «የባዕድን ልጅ ቤት ያስገባ ቤቱን ያጣል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። ማንበብ የሚችል ከመካከላቸው የለም፤ በማተሚያ ወጥቶ በጨርቅ የተጠረዘ ነገር ደግሞ ያልሆነ ነገር ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። አንደኛው ይህ ከተማ የሰጠመው ከጣልያን በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ ጠየቀ። ሌላው ባሕሩ ከጋምቤላ ወዲያ መሆን አለበት አለው። ሁንዴሳ ልብ ወለድ መሆኑን ሊነግራቸው ይችል ነበር። አልነገራቸውም። ዲሪቤ ይህን ስታይ የወንድሟን አንገት በከረባቱ ልታንቀው ተነስታ ተቀመጠች።

ኦቦ ደበሳ ሣሩን ወደ እሷ አዞሩት። ወንድምሽ ያነበበው በመጽሐፉ አለ ወይስ የለም አሏት።

ከሁንዴሳ በቀር እዚያ ማንበብ የሚችሉት እሷና ሽብሬ ናቸው፤ የሽብሬን ቃል ደግሞ ሚስቱ ነች ብሎ የሚቀበላት የለም። የለም ብትል ቃል በቃል ላይ ሆኖ ነገሩ ይዳፈናል፤ ቡናውም ይተርፋታል። ሣሩ በእጇ ቀዝቃዛ ነበር። አቶ ኩመራም ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሣር ጨብጠው ነበር ልጄ ናት ያሉት።

«አለ» አለች። «እንዳነበበው ነው። ለሀርሜ ስነግራት የኖርኩት ውሸት ነው፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። የአባቴን ቃል ግን አልፈጠርኩም።»

የመጨረሻውን የሰማላት አልነበረም። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ሁንዴሳ መጽሐፉን ጠብ አድርጎ ዘጋ፤ ሽብሬም ጃንጥላዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። ኦቦ ደበሳ ለፍርድ ጉሮሮአቸውን ሲጠርጉ እትዬ ሻሽቱ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ። ማንም አልከለከላቸውም። አሮጊት ናት፣ አዝና ነው አሉ።

እትዬ ሻሽቱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። የተናገሩት በአማርኛ ነበር፤ የጎሬ ሰው አማርኛ፣ ጥርት ያለ።

«ሁንዴሳ፣ አንድ መስመር ዘለልክ።»

ሾላው ሥር የነበረ ሰው ሁሉ የሆነ ነገር የወደቀ መስሎት ዞር አለ።

«‹ንጉሡ ግን አንድ ቀን ስንኳ ልጄ ብሎ አልጠራትም› ብለህ በአማርኛ አነበብህ። በኦሮምኛ ለሽማግሌዎቹ አልነገርካቸውም። ንገራቸው።»

አልነገራቸውም። እሳቸው ራሳቸው ወደ ኦሮምኛ መልሰው ነገሯቸው፤ ከዚያም ከዘበኛው ጎጆ ትጠጋለች የተባለውን፣ ከመሶብ ትራቅ የተባለውን፣ አሮጊቷ መቼ ነው የምትሞተው ተብሎ አንድ ቀን ሌሊት በግድግዳ የተሰማውን አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ እንደተባለ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ አወረዱት። ልክ ዲሪቤ እንደምታነበው አድርገው። ሽብሬ ጃንጥላዋን ፊቷ ላይ ደፋችው።

ኦቦ ደበሳ ይህን ቋንቋ ከየት አመጣሽው አሏቸው። እትዬ ሻሽቱ ልጅ ሳሉ ጎሬ በአንድ ሹም ቤት እህል ይፈጩ እንደነበር፣ ኩመራ ከዚያ እንዳስኮበለሏቸው ተናገሩ።

«በዚያ ቤት ከስድብ በቀር የሰማሁት አልነበረም» አሉ። «ስኮበልል ቋንቋውንም እዚያው ጥዬው መጣሁ፤ ባለቤቴ እንኳ እንድናገረው አልጠየቀኝም። ያንን ስድብ እንደገና የሰማሁት በልጄ ቤት ነው።»

ከዚያ በኋላ ፍርዱ ረጅም አልነበረም። ማር የላሰች ልጅ ቃሏ ይያዝላታል፣ በሣር ላይ በራሷ የመሰከረች የአባቷን ቃል አትዋሽም፣ የምንጩ ዳር ቡና የዲሪቤ ነው፣ እናቲቱም ደስ ወዳላት ትግባ ተባለ። ሁንዴሳ ተንበርክኮ የእናቱን ጉልበት ሊስም ሲል እትዬ ሻሽቱ ጉልበታቸውን ሰበሰቡ። ሽማግሌዎቹ ይቅር በይው ቢሉ፣ ቢለምኑ፣ ኦቦ ደበሳ ራሳቸው ቢነሱ፣ እምቢ አሉ። በቅሎዋንም ለእሱ ትተውለት በእግራቸው ጀመሩ።

ዲሪቤ ከኋላቸው ደረሰች። ልታቅፋቸው እጇን ዘረጋች። እትዬ ሻሽቱ በዱላቸው እጇን ገፉት።

«አንቺም ዝም በይ። ከመሶብ ትራቅ ሲል ደህና ብዪ ይልሻል ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ ልጅ ነኝ? የወንድምሽን መራራ ቃል በአፍሽ አጣፍጠሽ ታጎርሺኛለሽ፣ እኔም እመርቀዋለሁ። እየሰማሁ እመርቀው ነበር፤ እስከየት እንደምትሄዱ ልይ ብዬ። ሁለታችሁም ሄዳችሁ።»

ዲሪቤ እስከ መቱ ከኋላ ከኋላቸው ተከተለቻቸው። እትዬ ሻሽቱ ደግሞ በመንገድ ያገኙትን ሰው ሁሉ፣ ጭቃውንም፣ ዝናቡንም፣ በሁለት ቋንቋ እየሰደቡ ተጓዙ፤ ዲሪቤ ስድቧን ከየት እንዳመጣችው ያን ቀን ገባት።

ከገበያው ጀርባ ባለችው የኪራይ ክፍሏ ገቡ። ወንድ ልጅ እያለ ሴት ልጅ ዘንድ ገባች የሚለው ወሬ በነጋታው ከተማውን አዳረሰ፤ እትዬ ሻሽቱ ደስ አላቸው፣ እንዲዳረስ ነበርና የፈለጉት። ሁንዴሳ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ ሁለት ጊዜም ተመለሰ። ዲሪቤም ብትሆን መንገድ ላይ ሲያጋጥማት ትሻገራለች፤ እስከ ዛሬ አልታረቁም፣ የሚታረቁም አይመስለኝ።

እናትና ልጅ ሳይነጋገሩ ሰነበቱ። አንድ እሑድ ከሰዓት ዝናቡ ጣለ። እትዬ ሻሽቱ ከአልጋው ላይ ሆነው ያንን መጽሐፍ አምጪው አሉ። እንዳለ አንብቢው፣ ኦሮምኛውን ተዪው፣ ብታጣምሚ አውቅብሻለሁ አሏት። ዲሪቤ ከመጀመሪያው ጀምራ እንዳለ አነበበችላቸው። አዞው ሲመጣ ማር የታል ብለው ጮኹ። ወለተ ማይ በሩ ሥር ስትጣል ንጉሡን ዲሪቤ እንኳ የማታውቀው ስድብ ሰደቡት። የደራሲውን ማሳረጊያ ስትደርስ ድምፅዋ ቀነሰ፤ ጮክ በዪ አሏት፣ ጮክ ብላ ጨረሰችው። መጽሐፉ ተዘጋ። እትዬ ሻሽቱ ጉልበቷ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«አሁን ደግሞ ያንቺን ንገሪኝ» አሏት በኦሮምኛ። «ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ልስማው።»